ደም ሥሩ ለማይገኝ፣ ምርመራው ግን ለማይቀርለት ሰው፦ የደም አወሳሰድ አማራጮች ንጽጽር

ሁለተኛው መርፌ ተነቅሎ ጥጥ ሲጫንበትና ባለሙያው «እስቲ ያኛውን ክንድ» ሲል፣ አብዛኛው ታካሚ ምንም ሳይናገር ያኛውን ክንድ ይዘረጋል። ጥፋቱ የራሱ የሆነ ይመስል ይቅርታ የሚጠይቅም አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚመረመር ሰው ይህ የአንድ ቀን ሕመም ሆኖ ያልፋል። ኬሞቴራፒ የሚወስድ፣ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ላይ ያለ፣ ኩላሊቱን ወይም ጉበቱን በየጊዜው የሚያስለካ ሰው ግን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ወደዚያው ወንበር ይመለሳል፤ ዛሬ የተጎዳበትም ደም ሥር በሚቀጥለው ወር የሚፈለገው ያው ደም ሥር ነው። እኔም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። ክንዴን ከመዘርጋት በቀር ምርጫ ያለኝ አይመስለኝም ነበርና፣ ምርጫ መኖሩን ዘግይቼ በማወቄ የጠፉብኝ ደም ሥሮች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ከመሣሪያው በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው ደም ሥሩ የሚያስቸግረው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የታዘዘው ምርመራ ምን ያህልና ከየት የተወሰደ ደም እንደሚፈልግ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ወደፊት ለሌላ ሕክምና ሳይነካ መቆየት ያለበት ደም ሥር መኖር አለመኖሩ ነው። ለአንዱ ታካሚ የተሻለ የሆነው መንገድ ለሌላው ጉዳት የሚሆነው በእነዚህ በሦስቱ ልዩነት ነው።

ችግሩ የትኛው ነው?

«ደም ሥርህ አስቸጋሪ ነው» የሚለው አነጋገር የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠራል። አንዳንዱ ደም ሥር ጥልቅ ነው፤ በዐይን አይታይም፣ በጣት ሲፈለግ ግን ይገኛል። እንዲህ ያለውን የሚያገኘው ዐይን ሳይሆን ጣት ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው በአብዛኛው ጊዜ ወስዶ የሚዳስስ ባለሙያ እንጂ ቀጭን መርፌ አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ በግልጽ ይታያል፣ መርፌው ሲቀርበው ግን ከቆዳው ሥር ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይህ ዕድሜያቸው በገፋና ክብደታቸው በቀነሰ ሰዎች ላይ የተለመደ ሲሆን፣ መፍትሔው ከሚወጋው ቦታ ዝቅ ብሎ ቆዳውን በአውራ ጣት ወጠር አድርጎ መያዝ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። መርፌው በትክክል ይገባል፣ ደሙ ብቅ ይላል፣ ቱቦው ግማሽ ሳይደርስ ይቆማል። እዚህ ላይ ባለሙያው አልሳተም። የቀጠነው ደም ሥር፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ቱቦ የመሳብ ኃይል፣ ግድግዳው ተጣብቆ ተዘግቷል፤ ስለዚህ መለወጥ ያለበት የሚወጋው ቦታ ሳይሆን የሚስበው ኃይል ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ መወጋት ወይም በደም ሥር በሚሰጡ ጠንካራ መድኃኒቶች የጠነከረ ደም ሥር ነው። ጤነኛ ደም ሥር በጣት ሲጫኑት መልሶ ይገፋል፤ የጠነከረው ግን እንደ ገመድ ደርቆ ይዳሰሳል፤ በዐይን ጎልቶ ቢታይም ደም አይሰጥም። እሱን ትቶ ሌላ መፈለግ እንጂ ደጋግሞ መሞከር ትርፍ የለውም። በመጨረሻም ውኃ በማጣት፣ በብርድ ወይም በፍርሃት የተሸበሸበ ደም ሥር አለ፤ እሱ ጊዜያዊ ነው፤ ያለ ምንም መሣሪያም ሊመለስ ይችላል።

አንድ ታካሚ የራሱ ችግር ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባለሙያውን በመጠየቅ ነው። ደሙ ሳይመጣ ሲቀር «መርፌው ደም ሥሩን ሳተው፣ ወይስ ደም ሥሩ ተንሸራተተ፣ ወይስ ደሙ ጀምሮ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መልሱም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠቅማል።

ዝግጅትና መሣሪያ ሲነጻጸሩ

ብዙ ሰው ስለ ልዩ መርፌና ደም ሥር ስለሚያሳይ መብራት ይጠይቃል፤ ውኃ ጠጥቶ መምጣቱን የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው። እንደ እኔ ግምት ሁለቱ ቢመዘኑ ዝግጅቱ ያመዝናል፤ ወጪ የለውም፣ በታካሚው እጅ ነው፣ ለማንኛውም ዓይነት አወሳሰድም ይረዳል።

ውኃን በተመለከተ፣ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን በቂ ፈሳሽ መጠጣትና ከምርመራው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ አንድ ሁለት ብርጭቆ መጨመር ደም ሥሩን ይሞላዋል። በባዶ ሆድ እንዲመጣ የታዘዘ ሰው ውኃም የተከለከለ እየመሰለው ደርቆ ይመጣል፤ ለአብዛኞቹ የባዶ ሆድ ምርመራዎች፣ ለምሳሌ ለስኳርና ለቅባት፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት ይፈቀዳል። ሲታዘዝ ግን ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው የፈሳሽ መጠን የተወሰነላቸው ሰዎች ይህን ምክር ትተው የሐኪማቸውን ልክ መጠበቅ አለባቸው።

ሙቀት ከውኃ ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል። ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ጨርቅ ወይም የሙቅ ውኃ ከረጢት በሚወጋው ቦታ ላይ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቢቆይ ደም ሥሩ ይሰፋል። ከ42 ዲግሪ በላይ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ በስኳር ሕመም ምክንያት የእጃቸው ስሜት የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ ሙቀቱን በራሳቸው እጅ መለካት የለባቸውም፤ ሌላ ሰው ይለካላቸው። እጅን በሞቀ ውኃ መታጠብ፣ ተራ እስኪደርስ ድረስ ልብስ ደርቦ መቀመጥ፣ ክንድን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ታች አንጠልጥሎ መያዝም ይረዳል። እኔ በብርድ ጠዋት ተራዬን ስጠብቅ ጓንቴን የማወልቀው ስሜ ሲጠራ ነው።

በሌላ በኩል ይጠቅማሉ ተብለው የሚደረጉና የሚጎዱ ነገሮች አሉ። ክንዱ ታስሮ ሳለ እጅን ደጋግሞ መጨበጥና መዘርጋት ደም ሥሩን ለአፍታ ቢያጎላውም በደሙ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከእውነተኛው በላይ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ጨብጦ መያዝ ብቻውን ይበቃል። ማሰሪያው ከሚወጋው ቦታ በላይ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይታሰራል፤ ከ1 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። ቆይቶ ከሆነ ፈትቶ 2 ደቂቃ ያህል ጠብቆ እንደገና ማሰር ይገባል፤ አለዚያ ደሙ በዚያ ቦታ ስለሚታቆር የአንዳንድ ምርመራዎች ውጤት ይዛባል። ደም ሥሩ «ይውጣ» ተብሎ ክንድ በጥፊ የሚመታበትን ልማድም አልደግፈውም፤ ሕመም ፍርሃትን ይጨምራል፣ ፍርሃትም ደም ሥርን ያጠብባል።

ከየት ይወሰድ?

በክርን መታጠፊያ ውስጥ ሦስት ዋና ዋና ደም ሥሮች ይገኛሉ። መሃል ላይ የሚያልፈው ሰፊና በቦታው የረጋ በመሆኑ፣ ሕመሙም አነስተኛ ስለሆነ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። በአውራ ጣት በኩል ያለው ሁለተኛው ነው፤ በተለይ ክብደታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ በመዳሰስ የሚገኘው እሱ ነው። በትንሿ ጣት በኩል፣ ወደ ገላ የቀረበው ደም ሥር ጎልቶ የሚያጓጓ ቢሆንም ከትልቅ ነርቭና ከደም ቅዳ ቧንቧ አጠገብ ስለሚያልፍ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አይሞከርም። በማንኛውም ቦታ መርፌው ሲገባ እስከ ጣት ጫፍ የሚሮጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ሕመም ከተሰማ ወዲያውኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ነርቭ የነካ ሊሆን ስለሚችል መርፌው መውጣት አለበት። እዚህ ላይ መቻልና ጥርስ መንከስ ጉዳት ያመጣል።

የክርኑ እንቢ ሲል ብዙዎች በቀጥታ ወደ እጅ ጀርባ ይወርዳሉ። በመሃል የክንዱ የታችኛው ክፍል እንዳለ መዘንጋት የለበትም፤ እዚያ ያሉት ደም ሥሮች ብዙ ጊዜ ያልተነኩ ናቸው። የእጅ ጀርባ ደም ሥሮች ለዐይን ቀላል ቢሆኑም ቀጫጭንና ተንሸራታች ናቸው፤ የበለጠ ያማሉ፣ የበለጠም ይበልዛሉ። በእጅ አንጓ በመዳፍ በኩል ያለው ቦታ ነርቭና ጅማት የበዛበት ስለሆነ አይወጋም። ከእግር መውሰድ የሐኪም ፈቃድ ይፈልጋል፤ በተለይ ለስኳር ሕመምተኞችና የደም ዝውውራቸው ለተዳከመ ሰዎች የቁስልና የደም መርጋት አደጋ አለው።

ይህ ቅደም ተከተል ግን የሚገለበጥበት ጊዜ አለ፤ ስለ እሱ ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የኩላሊት ሕመሙ እየባሰ የሚሄድና አንድ ቀን የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልገው የሚችል ሰው፣ ለእጥበቱ የሚሆነው ፊስቱላ (ደም ሥርን ከደም ቅዳ ቧንቧ ጋር በቀዶ ሕክምና በማገናኘት የሚዘጋጅ መግቢያ) የሚሠራው ከክንዱ ደም ሥሮች ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው የክርንና የክንድ ደም ሥሮች እንደ መጠባበቂያ ሀብት ተጠብቀው፣ ደሙ ቢያምም ከእጅ ጀርባ ቢወሰድ ይሻላል። ፊስቱላ በተሠራበት ክንድ ላይ ደግሞ ደም አይወሰድም፣ የደም ግፊትም አይለካም። እጥበት የጀመረ ታካሚ የሚያስፈልጉት ምርመራዎች አስቀድመው ከታዘዙ በእጥበቱ መጀመሪያ ላይ ከመስመሩ ሊወሰዱለት ስለሚችሉ፣ ተጨማሪ መወጋት ሳያስፈልገው ይቀራል። በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢዎች የተወገዱለት ሰውም በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከመስጠቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ፈሳሽ መድኃኒት እየገባበት ካለው ክንድ፣ መድኃኒቱ ከሚገባበት ቦታ በላይ የተወሰደ ደም የተቀላቀለ ስለሚሆን ውጤቱ አይታመንም፤ የሚቻል ከሆነ ሌላኛው ክንድ ይመረጣል።

በምን ይወሰድ?

የመርፌ ውፍረት የሚነገረው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ለአዋቂ በብዛት የሚሠራበት 21 ቁጥር ሲሆን ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መለያ ቀለሙም አረንጓዴ ነው። 23 ቁጥር 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ሰማያዊ ነው። 25 ቁጥር 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ቀለሙ ብርቱካናማ ነው።

አየር የተመጠጠበት ቱቦ የሚገጠምለት ቀጥተኛው መርፌ ፈጣን ነው። ደሙ ከመርፌው በቀጥታ ወደ ቱቦው ስለሚገባ ናሙናው አይጎዳም፤ ብዙ ቱቦ ሲያስፈልግም ያለ ችግር ይቀያየራል። ደም ሥሩ ሰፊ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ደም ሥሩ ጀምሮ ለሚቆምበት ሰው ግን የዚህ ቱቦ የመሳብ ኃይል ራሱ ችግሩ ነው።

ሁለት ክንፎችና ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ ያሉት የቢራቢሮ መርፌ ዝቅ ባለ አንግል ስለሚገባ ለእጅ ጀርባና ለቀጫጭን ደም ሥሮች ይመቻል። ደም ሥሩ እንደተገኘ በቧንቧው ውስጥ ቀይ መስመር ብቅ ስለሚል ባለሙያው ወዲያው ያውቃል፤ ታካሚው ቢንቀሳቀስም መርፌው በቀላሉ አይወጣም። ብዙ ታካሚዎች የቢራቢሮ መርፌ ስለማያም ይሻላል ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥቅሙ ግን በዋናነት ለመቆጣጠር መመቸቱ ነው። በሰፊና በረጋ ደም ሥር ላይ 21 ቁጥር የሆነው ቀጥተኛ መርፌ ቶሎ ጨርሶ ስለሚወጣ ሊሻል ይችላል። ሌላም ነገር አለ፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ወደ መጀመሪያው ቱቦ ስለሚገባ፣ የደም መርጋት የሚለካበት ባለ ሰማያዊ ክዳን ቱቦ ቀዳሚ ከሆነ ሳይሞላ ይቀራል። ያ ቱቦ ዘጠኝ እጅ ደም ከአንድ እጅ ፈሳሽ ጋር መቀላቀል ስላለበት ካልሞላ ውጤቱ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት አየሩን የሚያስወጣ አንድ ቱቦ ተወስዶ ይጣላል። ታካሚው «ለምን ተጨማሪ ደም ወሰዳችሁ?» ብሎ እንዳይከፋ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ስሪንጅ ጥንታዊ ቢመስልም ደሙ ጀምሮ ለሚቆምበት ደም ሥር ብዙ ጊዜ ዋናው መፍትሔ እሱ ነው። ባለሙያው በእጁ ቀስ እያለ ስለሚስብ የመሳቡን ኃይል ደም ሥሩ በሚችለው መጠን ያስተካክላል፤ ደሙ ሲዘገይ ቆም ይላል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። ጉድለቱ ደሙ እንዳይረጋ ፈጥኖ ወደ ቱቦዎቹ መተላለፍ ያለበት መሆኑ ነው፤ በኃይል ቢሳብ ወይም በመርፌው በኩል ተገፍቶ ቢተላለፍ የደም ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ሴሎቹ የፈነዱበት ናሙና ፖታሲየምን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ውድቅ ይደረግና ታካሚው እንደገና ይወጋል። ይኸው አደጋ 25 ቁጥር በሆነ በጣም ቀጭን መርፌም ይጨምራል። «በተቻለ መጠን ቀጭኑን» ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ሁልጊዜ ለራስ የሚጠቅም ጥያቄ አይደለም፤ አስቸጋሪ ደም ሥር ላለው አብዛኛው አዋቂ 23 ቁጥር ሚዛኑን ይጠብቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አማራጭ ትንሹ ቱቦ ነው። ለሕፃናት የተዘጋጁት ቱቦዎች 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ስለሚይዙ የመሳብ ኃይላቸውም ያነሰ ነው። የምርመራ መሣሪያዎች ለብዙዎቹ ምርመራዎች የሚፈልጉት ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ነውና፣ ላቦራቶሪው ከተስማማ ለአዋቂም ሊያገለግሉ ይችላሉ። ደም በተደጋጋሚ ለሚወሰድበትና ደም ማነስ ላለበት ሰው ደግሞ የሚባክነውን ደም ይቀንሱለታል። በአንድ ቀጠሮ ላይ ሦስት ጊዜ ተወግቼ እያንዳንዱ ቱቦ ሩብ ሳይሞላ ሲቆም፣ አንዲት አንጋፋ ባለሙያ መጥታ ክንዴን አየች፤ የቢራቢሮ መርፌ ከስሪንጅ ጋር ገጠመችና፣ አንድ እጇን ክንዴ ላይ አሳርፋ፣ ደሙን ቀስ እያለች እያቆመች ስባ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ሞላች። ቦታው ቀድሞ ከተወጋሁበት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ልዩ መሣሪያ አልነበራትም።

ጣት ወይስ ደም ሥር?

የምርመራው ዓይነት ከፈቀደ ደም ሥርን ጨርሶ አለመንካት ይቻላል። ስኳር፣ ለደም ቀይ ቀለም የሚሰጠው ሄሞግሎቢንና የወባ ምርመራ ከጣት ደም ይሠራሉ። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው የሚለኩት፣ የደምን የመርጋት ፍጥነት የሚያሳየው አይ ኤን አርም ለዚሁ በተዘጋጀ ትንሽ መሣሪያ ከአንድ ጠብታ ይነበባል። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ ለዚህ ብቻ ከክንዱ ደም የሚወሰድ ሰው ስለ ጣቱ መንገድ ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ በዓመት ውስጥ የሚተርፉለት ደም ሥሮች ብዙ ናቸውና። ሙሉ የደም ቆጠራም ከጣት ሊሠራ ይችላል፤ ደም እንዲረጋ የሚረዱት የፕሌትሌት ሴሎች ቁጥር ግን ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ውጤቱ ለሕክምና ውሳኔ ወሳኝ በሆነበት ጊዜ ከደም ሥር የተወሰደው ይመረጣል።

የጣት ደም የማይሆንባቸው ምርመራዎችም አሉ። በደም ውስጥ ጀርም የሚፈለግበት የካልቸር ምርመራ ብዙ ደምና ንጹሕ አወሳሰድ ይፈልጋል። ፖታሲየም ከጣት ሲለካ ሴሎች ስለሚፈነዱና የሥጋ ፈሳሽ ስለሚቀላቀል አሳሳች ሊሆን ይችላል። ጣትን ደጋግሞ መጭመቅም ይህንኑ ያባብሳል፤ እጁ አስቀድሞ ሞቆ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ፣ ከመሃል ጣት ወይም ከቀለበት ጣት ጎን ቢወሰድ ደሙ በራሱ ይወርዳል።

የሚያሳዩ መሣሪያዎች

ደም ሥርን በቆዳ ላይ የሚያሳየው መብራት በዐይን የማይታይ ጨረር ይጠቀማል፤ ጨረሩን ሄሞግሎቢን ስለሚውጠው ደም ሥሩ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ለቆዳ ቅርብ የሆኑትን ብቻ ያሳያል፤ የታየው ደም ሥር የተሞላ ይሁን የጠነከረ አይነግርም። በጥናቶችም የተገኘው ውጤት ወጥ አይደለም። ችግሩ ቦታውን ማግኘት ለሆነ ሰው ይረዳል፤ ደሙ ጀምሮ ለሚቆምበት ሰው ግን እምብዛም አይጠቅምም።

አልትራሳውንድ ከዚህ ይለያል። ጥልቀቱን፣ ስፋቱንና አጠገቡ ያለውን ደም ቅዳ ቧንቧ ጭምር ስለሚያሳይ፣ በጣት የማይገኝ ጥልቅ ደም ሥር ላለው ሰው ከመብራቱ በብዙ ይበልጣል። የሠለጠነ ሰውና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁሉም ቦታ አይገኝም። በሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ተሞክሮ ደም ያልተገኘለት ሰው ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚቆይ መስመር

ወራት ለሚፈጅ ሕክምና ፒክ የሚባለው ቀጭን ካቴተር (ቧንቧ) ከላይኛው ክንድ ገብቶ ጫፉ ከልብ በላይ ባለው ትልቅ ደም ሥር ላይ ያርፋል። ፖርት ደግሞ በአብዛኛው በደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ክፍል ነው፤ በልዩ መርፌ ከላይ ይወጋል፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ፒክ በክንድ ላይ ስለሚታይ ሽፋኑ በየሳምንቱ ያህል መቀየርና ከውኃ መጠበቅ አለበት፤ ፖርት ግን በማይሠራበት ጊዜ ሽፋን አይፈልግም፤ ገላ መታጠብም አይከለክልም፤ በየጊዜው፣ ብዙ ጊዜ በየወሩ ያህል፣ ውስጡ በፈሳሽ መታጠብ ብቻ አለበት። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታትና ወራት ፒክ፣ ከዚያ በላይ ለሚዘልቅና እየተቋረጠ ለሚቀጥል ሕክምና ፖርት ይመረጣል።

ሆኖም ሁለቱም የኢንፌክሽንና የደም መርጋት አደጋ ስላላቸው ለደም ምርመራ ብቻ ተብለው የሚገቡት ከስንት አንዴ ነው። መድኃኒትም በደም ሥር የሚሰጠው ሰው ግን መስመሩ ለሁለቱም እንዲያገለግለው ሕክምናው ሳይጀመር መነጋገር አለበት፤ ደም ሥሮቹ ካለቁ በኋላ የሚመጣ ፖርት የዘገየ ነው። ፒክ በተለይ የኩላሊት ሕመሙ ለገፋ ሰው አይመከርም፤ ለፊስቱላ የሚፈለገውን ደም ሥር ሊያጠብበው ይችላል። ከመስመር ደም ሲወሰድ የመጀመሪያው ጥቂት ሚሊ ሊትር ይጣላል፤ የመድኃኒት መጠን የሚለካበት ደም ግን ያው መድኃኒት በገባበት መስመር ቢወሰድ የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

የሚቀባ ማደንዘዣ

ሕመሙ ራሱ ፍርሃት እየሆነ ደም ሥሩን ለሚያጠፋበት ሰው የሚቀባ ማደንዘዣ ይረዳል። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን የተቀላቀለበት ቅባት አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ መቀባት አለበት፤ ቆዳውን ሊያነጣና ደም ሥሩንም ሊያጠብበው ይችላል። ቴትራኬይን ያለበት ቅባት ፈጥኖ ይሠራል፤ ደም ሥሩንም ወደ ማስፋት ያዘነብላል፤ ስለዚህ የሁለቱም ፈቃድና አቅርቦት ካለ አስቸጋሪ ደም ሥር ላለው ሰው ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በመርፌ ራሱን የሚስት ሰው ከማንኛውም ቅባት በፊት ተኝቶ እንዲወሰድለት ይጠይቅ።

የመወጋቱን ብዛት መቀነስ

የተለያዩ ሐኪሞች የሚከታተሉት ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያንኑ ምርመራ ሊደግሙም ይችላሉ። ትእዛዞቹን ሁሉ ይዞ «በአንድ ቀን በአንድ መርፌ ሊወሰዱ ይችላሉ?» ብሎ መጠየቅ፣ የቅርብ ጊዜ ውጤትን ይዞ መሄድ፣ የተረሳ ምርመራ ሲኖርም ቀድሞ ከተወሰደውና በላቦራቶሪው ከተቀመጠው ናሙና ላይ ሊጨመር ይችል እንደሆነ መጠየቅ፣ ከየትኛውም መርፌ ይልቅ ደም ሥርን ያድናል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ናሙናን ለተወሰኑ ቀናት ያቆያሉ።

ወንበሩ ላይ

በብዙ ቦታዎች አንድ ባለሙያ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይሞክር የሚል ደንብ አለ፤ ደንቡ ባይኖርም ታካሚው ሊጠይቀው ይችላል። «እባክዎ፣ ሁለት ጊዜ ስለተሞከረ ሌላ ሰው ቢያይልኝ» ማለት ባለሙያውን መድፈር አይደለም፤ በትሕትና የተነገረ እንደሆነ አብዛኞቹ እፎይ ይላሉ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ ሦስተኛውን ሙከራ የሚያከብደው የባለሙያው ችሎታ ማነስ ሳይሆን የባለሙያውም የታካሚውም መጨነቅ መሆኑን ነው። የመርፌውን ጫፍ ከቆዳ ሥር ወዲያና ወዲህ እያዞሩ መፈለግ ግን ለደም ሥሩም ለነርቩም ጎጂ ስለሆነ እንዲቆም መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

መርፌው ከወጣ በኋላ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ክንድን በማጠፍ ነው። ጥጡን በታጠፈ ክርን መሃል መያዝ ቀዳዳውን በደንብ ስለማይዘጋው ደሙ ከቆዳ ሥር ይፈስሳል፤ ቦታውም ይበልዛል፣ ለሚቀጥለው ጊዜም አይሆንም። ክንዱን ዘርግቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ ጥጡን ሳያሹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አጥብቆ መጫን ይገባል፤ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው እስከ 10 ደቂቃ ይጫን። በዚያ ቀን በዚያ ክንድ ከባድ ዕቃ ማንሳትም አይመከርም።

ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ የተሳካውን እጽፋለሁ። በኪሴ ያለችው ትንሽ ወረቀት ላይ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ግራ ክንድ፣ ከክርን በታች በአውራ ጣት በኩል፤ 23 ቁጥር ቢራቢሮ ከስሪንጅ ጋር፤ ትንንሽ ቱቦ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ተገኘ። በሚቀጥለው ቀኝ ክንድ፣ ግራው እንዲያርፍ።» ወንበሩ ላይ ስቀመጥ፣ ማሰሪያው ሳይታሰር፣ ለባለሙያው የማሳየው ይህችኑ መስመር ነው።